እትዬ እስክትጨርስ

ሰኔ 9

እትዬ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። እፎይ። ክንዴን ተደግፋ በእግሯ ነው የወጣችው። ሐኪሞቹ እንዳሉኝ ስትሮኩ እጅና እግሯን ብዙም አልነካውም፤ የያዘባት ንግግሯን ነው። ታክሲ ውስጥ፣ አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ ዳኚልኝ እንጂ ወሬውን ለሁለታችንም እኔ እችለዋለሁ አልኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደክሟት ነው።

ደብተር ይዤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። የማወራው ለእህቴ ነበር፤ አሁን መልስ የሚሰጠኝ ስለሌለ ለወረቀት ላውራ ብዬ ነው። ሰፈሩ “ሬዲዮ” የሚለኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰኔ 11

ይህን ማንም እንደማያነበው አውቃለሁ። ቢሆንም አዲስ ደንበኛ እንደመጣ ሰው ከመጀመሪያው ልንገረው።

እኔና እትዬ ልብስ ስፌት ቤት አለን። እሷ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፤ እኔ እሰፋለሁ። የመቁረጫው ጠረጴዛ በሩ አጠገብ ነው፣ የኔ የስፌት መኪና ግድግዳው ሥር ነው፤ ጀርባ ለጀርባ ሆነን ሳንተያይ ስናወራ ኖርን። እሷ “እዛ ጋ” ትላለች። እኔ “ከበታቹ?” እላለሁ። “አይ፣ ያኛው” ትላለች፤ አለቀ። ጎረቤታችን ጫማ ሠሪው፣ እናንተ ሰዎች ቋንቋችሁ የማን ነው፣ እያለ ይስቅብን ነበር። ደንበኛውንም በስሙ አንጠራውም፣ በልብሱ ነው። “አረንጓዴዋ ቀሚስ ተቆጥታለች” ካለችኝ አረንጓዴዋን ቀሚስ ቶሎ እጨርሳለሁ።

አሁን ጠረጴዛው ባዶ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም አዞናል፤ ክረምቱ ሳይወጣ መድረስ አለበት። እኔ ደግሞ መቁረጥ ላይ የለሁበትም። አንድ ጊዜ ሞክሬ አንዱን እጅጌ ካንዱ አሳጥሬ፣ ደንበኛው ትከሻውን አንጋዶ ሲራመድ እትዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጓዳ ገባች።

ሰኔ 14

ጋሼ ደወለ። ታላቃችን ነው፤ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ እትዬን ወደኔ እወስዳታለሁ አለ። ቤቴ ሰፊ ነው፣ ሚስቴ ትንከባከባታለች፣ አንቺም ሱቁን ዝጊና አንዱ ጋ ተቀጠሪ አለ። እሷን ጠይቀሃታል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ “በየት አፏ ትመልስልኛለች?” አለኝ።

ክፋት የለበትም። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ የሱቁን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያለሷ ያቺን ሱቅ ከፍቼ ልገባ? ምን ቆርጦኝ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ክረምቱ ሳይወጣ አፏን አስፈታታለሁ።

ሰኔ 18

የሥዕል ካርድ ገዛሁ፤ ለሕፃናት የሚሆን ዓይነት። እራት በልተን ተቀመጥን። የመቀስ ሥዕል አሳየኋት። “እ…” አለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መቀስ፣ መቀስ በይ፣ መ-ቀስ አልኳት። አየችኝ። ደግማ “እ…” ስትል፣ ጎበዝ፣ መቀስ፣ አልኩ። ካርዱን በደረቱ ደፋችው።

ዕድሜዋን ሙሉ መቀስ በእጇ የኖረች ሴት መቀስን ረሳች። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሰኔ 21

ሩጫ። የዩኒፎርሙ ጨርቅ መጣ፤ ጣቃው በሩን ዘጋው። ቆራጭ ፍለጋ ዞርኩ፣ ሁሉም ሥራ በዝቶበታል። ቀን ቀን እትዬን የምታይልኝ የጫማ ሠሪው ሚስት ናት፣ አምላክ ይስጣት። ካርዶቹን እየደጋገምሽ አሳዪያት ብያታለሁ። ዳቦ መግዛት ረሳሁ።

ሰኔ 25

የንግግር ሐኪም ዘንድ ሄድን። ልጅ እግር ናት፣ ፈገግታዋ ጥሩ ነው። ካርዶቹን ሳሳያት ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር፤ “እሺ” ብላ ወደ ጎን አደረገቻቸው። ወደ እትዬ ዞራ ሥራዎ ምንድን ነው እናቴ አለቻት። እትዬ “ል…” ስትል፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ቆራጭ ናት አልኩ። ልጆች አሉዎት አለቻት። የሏትም፣ እኔን ነው ያሳደገችው አልኩ። ጠዋት ምን በሉ አለቻት። ዳቦ በሻይ አልኩ፤ ትንሽ ነው የበላችው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“እቤት ስትጀምር ማን ነው የሚጨርስላት?”

“እኔ ነኛ። ላግዛት ብዬ።”

“እስቲ አይጨርሱላት” አለችኝ፣ በትሕትና። ከዚያ አስረዳችኝ፤ ሰው ሲናገር ዋናውን ነገር የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። “ወንድሜን በጣም…” ብላ ብትጀምር፣ ናፍቃው ይሁን ተቀይማው የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ያቺን ቃል እርስዎ ከጨመሩባት ንግግሩ የርስዎ እንጂ የሷ አይደለም አለችኝ።

ተቀየምኳት። እኔ እኮ እህቴን ከሷ በላይ አውቃታለሁ። ምን ልትል እንደሆነ ሳትጀምር አውቀዋለሁ።

ሐምሌ 2

ጋሼ ሊያያት መጥቶ ዋለ። ፍራፍሬ አምጥቶ፣ እጇን ይዞ፣ እንዴት ነሽ፣ ትሰሚኛለሽ፣ እያለ ጮክ ብሎ ያወራታል። ጆሮዋ ደኅና ነው አልኩት። እትዬ በመስኮት ወደ መንገዱ ስታይ ቆየችና፣ ጥርት አድርጋ፣ “ሰፊው ሱሪ… መጣ” አለች።

ከታመመች ወዲህ ሁለት ቃል አገጣጥማ አታውቅም። የጋሼ ዓይን ግን እንባ ሞላው። “በቃ፣ ዘባረቀች” አለኝ ቀስ ብሎ። እኔ ምን አልኩ? ውኃ ፈልጋ ነው አልኩ። ውኃ አመጣሁላት። ብርጭቆውን ተቀብላ ሳትጠጣ ያዘችው።

ጋሼ ገና ከመውጣቱ በር ተንኳኳ። ሰፊው ሱሪ ነው፤ ጡረተኛው ባለ ሰፊ ሱሪ ደንበኛችን፣ ሱቁን ዝግ ቢያገኘው ገበሩ አለቀ ወይ ብሎ ቤት ድረስ መጥቶ። እትዬ መንገዱ ላይ ሲመጣ አይታዋለች። ነገሩ ገና ከአፏ ሲወጣ ገብቶኝ ነበር። ለጋሼ ላስረዳው እችል ነበር፤ ግን የሱቃችንን አነጋገር ሰው ፊት መተርጎም አፈርኩ መሰለኝ። አላውቅም። ጋሼ እህቱ ዘባረቀች ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሐምሌ 10

የጫማ ሠሪው ሚስት ልጇ ስለወለደች ልታርሳት ሄደች። እትዬን ብቻዋን መተው አልችልም። ከነገ ጀምሮ ወደ ሱቅ ይዣት ልገባ ነው። ጫጫታው እንዳያደክማት ጥግ ላይ ወንበር አዘጋጀሁ። ምንም አትነኪም ብያታለሁ።

ጉሮሮዬን ይከረክረኛል።

ሐምሌ 13

ዝናብ ደበደበኝ። ድምፄ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ጫማ ሠሪው፣ ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ እያለ ሰፈሩን አሳቀብኝ። እትዬም ሳቀች። ሳቋን መስማቱ ደስ ይላል፣ በኔም ቢሆን።

ሐምሌ 15

ድምፄ ጠፋ። ጭራሽ። አፌን እከፍታለሁ፣ የሚወጣው አየር ብቻ ነው።

ረፋድ ላይ አንዲት አስተማሪ ጃኬት ልታሰፋ መጣች። በእጄ ልንገራት፣ በወረቀት ልጻፍላት ስል፣ እትዬ ከጥግ ተነሳች። ሜትሩን ከአንገቴ ላይ አውልቃ ወደ ሴትየዋ ሄደች። ልከለክላት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም። ሜትሩን ከትከሻ ትከሻ ዘረጋችና፣ “ትከሻ” አለች። ቁጥሩን አለች። “እጅጌ” አለች። ቁጥሩን አለች። ወገብ፣ ቁመት፣ ሁሉንም፣ ድሮ ስትል እንደኖረችው ተራ በተራ። እኔ ልማዴ ከኋላ “እሺ” ማለት ነበር፤ እሱም አልወጣልኝ። ቁጥሩን እየጻፍኩ እንባዬ ይወርዳል።

የገረመኝ ግን ያ አይደለም። እሱ አፏ የለመደው ነው፣ እንደ ጸሎት ይወርዳል ይባል። ሜትሩን ጠቅልላ ሴትየዋን አየቻትና፣ ዝም ብላ ቆየች። በጣም ቆየች። እኔ ብሆን በዚያ መሀል ሦስት ነገር ተናግሬ ነበር። ከዚያ፣ “ቆመሽ… ነው የምትውይው?” አለቻት።

አስተማሪ ናት እኮ። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ክንዷ ከፍ ይላል፣ ጃኬቱ ብብቷ ሥር ላላ ማለት አለበት። ሴትየዋ ምንም ሳይገርማት፣ አዎ፣ ቀኑን ሙሉ ነው የምቆመው ብላ መለሰችላት። እትዬ መታመሟንም ያወቀች አይመስለኝም።

ሴትየዋ እንደወጣች እትዬን አቅፌ ጉንጯን ሳምኩ። “ተይ” አለችኝ። ይህን ያህል የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሐምሌ 16

ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩ፤ ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት እትዬ የዩኒፎርሙን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በጠመኔ አሰመረች። ከዚያ ሳትዞር እጇን ወደኔ ዘርግታ “ስጪኝ” አለች። መቀሱን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ቆረጠች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ በኋላ ደህና አድርጋ። እኔም መኪናዬ ላይ ተመለስኩ። ግማሽ መንገድ ሰፍቼ ነው እጄ ቀጥ ያለው።

እኛ እዚህ ቤት መቀስ ብለን አናውቅም። ለምን ብለን? ጨርቁ ተዘርግቶ፣ መስመሩ ተሠምሮ፣ እጇ ተዘርግቶ ሌላ ምን ልትፈልግ ነው? “ስጪኝ” ይበቃል። አንዳንዴም እጇን ብቻ ነው የምትዘረጋው። እኔ ደግሞ እህቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ጨርቅ በሌለበት፣ ሥራ በሌለበት፣ በወረቀት ላይ ያለ ቀይ መቀስ እያሳየሁ ይሄ ምንድን ነው እላለሁ። ምን እንደሆነማ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ሁለት የሚያውቁ ሰዎች ምን ሊነጋገሩ ነው? ካርዱን ደፍታ ማስቀመጧ አሁን ገባኝ። እኔም ብሆን እደፋው ነበር።

ሐምሌ 20

ሐኪሟ ዘንድ። ድምፄ ገና ስለሆነ ሁሉንም በወረቀት ጻፍኩላት። አንብባ ደስ አላት፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ቃል እንደ ልብስ ቁልፍ በቆርቆሮ ጣሳ ተጠራቅሞ አይቀመጥም አለች፤ ከእጅ ጋር፣ ከሥራው ጋር፣ ከፊት ካለው ሰው ጋር ተሰፍቶ ነው ያለው፤ አንዱን ክር ሲስቡት ሌላው ይመጣል። ገበያ ውስጥ የለመድነውን ደንበኛ መንገድ ላይ ስናገኘው ስሙ እንደሚጠፋን ነው አለች።

ከዚያ እትዬን ስለ ሥራዋ ጠየቀቻት፤ እትዬ መለሰችላት። እየቆመች፣ እየተሳሳተች፣ “ነገ” ማለት ፈልጋ “ትናንት” እያለች፣ ግን መለሰች። እኔ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

ስንወጣ ሐኪሟ፣ ጉሮሮዎ ቶሎ እንዳይድን እጸልያለሁ አለችኝ። ቀልዷ ነው። ድምፄ መጥፋቱና እትዬ መናገሯ እኮ አጋጣሚ ነው፤ የረዳት ሱቁ ነው።

ሐምሌ 24

ጫማ ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ፣ “ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይኸው አንቺ ዝም ስትይ ሴትየዋ ዳነች” አለኝ። መልስ ነበረኝ። ድምፅ ግን አልነበረኝም።

ሐምሌ 27

ድምፄ ተመለሰ። ጠዋት ስነቃ “ተመስገን” ብዬ ጮህኩ።

ሱቅ ስንገባ እትዬ ኮሌታ አንስታ፣ “ይሄ… ይሄ ትንሽ…” አለች። ጠበበ አይደል፣ አዎ ጠቧል፣ እፈታዋለሁ አልኳት። ኮሌታውን አስቀመጠች። ትንሽ ቆይታ፣ “ክሩ…” ስትል፣ አልቋል፣ ገዝቼ እመጣለሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ እስክንዘጋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ኮሌታውን ስፈታው ልኩ ትክክል ነው። ጨርቁ ነው እንከን ያለበት። ልትነግረኝ የነበረው እሱን ነው።

እኔ ነኝ። ሱቁ አይደለም፣ አጋጣሚም አይደለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰው ሁሉ ያየውን እኔ ብቻ ሳላየው ከረምኩ። በፍቅር ነው ያደረግኩት፤ ግን በፍቅር አፏን ዘጋሁባት።

ሐምሌ 29

መላ አገኘሁ። ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ እሠራለሁ። ልብስ ሰፊ ስፒል በአፉ ቢይዝ ማን ይታዘበዋል? መናገር ሲያምረኝ ይወጋኛል። ዛሬ ሁለት ጊዜ ወጋኝ። እትዬ ብዙ አወራች።

ነሐሴ 6

ሥራ በሥራ ሆንን። ጉርድ ቀሚሶቹ አለቁ። ሸሚዞቹ ገና ናቸው። እትዬ ስትደክም ታርፋለች፤ አንዳንድ ቀን ቃሉ ሁሉ ይሸሻታል፣ በጣቷ ታሳየኛለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ትሳደባለች። ስድቧ አንድም ቃል አይጎድለውም።

ነሐሴ 12

ጋሼ ደወለ። አናግራት ብዬ በደስታ ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት። ጆሮዋ ላይ ያዘችው። ጋሼ ይጠይቃል፣ እሷ ትተነፍሳለች። ከንፈሯ ይሞክራል። ፊቱ የለም፣ እጁ የለም፣ የሚያዝ ጨርቅ የለም። ስልኩን መለሰችልኝ።

“ይኸው፣ እያወራች ነው ያልሽኝ ለማጽናናት ነው” አለኝ። በሃያ አራት እመጣለሁ፣ ትኬቷንም ቆርጫለሁ አለ።

ይህ ሁሉ ልፋት በአንድ ስልክ ከንቱ ሆነ። ጋሼ ሲመጣ በድንጋጤ ቃሉ ቢጠፋባትስ? እሱ ደግሞ ታላቃችን ነው፣ ወሰንኩ ካለ ወሰነ። አንድ ቃል ካላወጣች ይዟት ይሄዳል፣ እዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ የጋሼ ሚስትም እንደኔው በደግነት ትጨርስላታለች።

ነሐሴ 19

ለጋሼ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ሰፊው ሱሪ፣ ስለ አስተማሪዋ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ስለማመድ እትዬ ሰማችኝ። መጥታ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች።

“ተይ” አለች። “እኔ።”

እኔ ምን ልበል? እሺ አልኩ። ካልወጣልሽስ ልላት ነበር፤ ዋጥኩት።

ነሐሴ 23

ዩኒፎርሙን አስረክበናል። ሁሉንም። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ ነገን እያሰብኩ ግን የተጠረገውን ወለል ደግሜ ጠረግሁ።

ነሐሴ 24

ጋሼ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ሱቅ መጣ። እትዬ ጠረጴዛው ላይ የአስተማሪዋን ሁለተኛ ጃኬት እየቆረጠች ነበር። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ አያት። መቀሱን ስትይዝ ያያታል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ያየው ደካማ እህቱን ነው።

ተሳሳሙ። ትኬቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ክፍሏን እንዳዘጋጀ፣ መስኮቱ ወደ አትክልቱ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ መሥራት እንደሌለባት ነገራት። ጥሩ ጥሩ ነገር ነው የነገራት። “እንሂድ እህቴ?” አላት በመጨረሻ።

እትዬ መቀሱን አስቀመጠች። አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ጋሼ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ምን ያልነበረ ነገር አለ? አትሄድም፣ ሥራዋ እዚህ ነው፣ ተዋት፣ አንተ ምን ታውቃለህ፤ ሁሉም ተሰልፎ ቆሟል። ጋሼ ወደኔ ዞሮ “ምን ማለቷ ነው?” አለኝ። አልመለስኩለትም። እናቴ ማኅፀን ውስጥ ሆኜም እንዲህ ዝም ያልኩ አይመስለኝም።

እትዬ ጠረጴዛውን ዞራ ወደሱ መጣች። ሁለት እጇን ትከሻው ላይ አደረገችና በአውራ ጣቷ ስፌቱን ዳበሰች።

“ኮትህ…” አለች።

“ኮቴ ምን ሆነ?”

አውራ ጣቷ ስፌቱ ላይ ቆየ። ጋሼ እንደገና ወደኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ።

“ኮትህ… ትከሻው ላይ ጠቦሃል።” ትንፋሽ ወሰደች። “አውልቀው።”

ጋሼ አላወለቀም፤ አፉን ከፍቶ ያያታል። እትዬ እጇን ዘርግታ ጠበቀችው፤ ያቺን እጅ አውቃታለሁ፣ ሳይሰጧት አትታጠፍም። ከዚያ እንደ ማንኛውም ደንበኛ፣ በዚያው በሱቅ ድምፅዋ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣

“ለቅዳሜ… ይደርስልሃል” አለችው።

ማን ምን ያስረዳው? አልሄድም አላለችም፤ ሥራ አለኝም አላለችም፤ ደኅና ነኝም አላለችም። ጋሼ ግን ሁሉንም ሰማ። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። መጀመሪያ ትኬቱን አየ፣ ከዚያ እጇን አየ፣ ከዚያ እንደ ልጅ እየሳቀና እያለቀሰ ኮቱን አወለቀ። ሰጣት። ትኬቱን ኪሱ ሊከተው ቢፈልግ ኪሱ ከኮቱ ጋር ሄዷል።

“ቅዳሜ ስንት ሰዓት ልምጣ?” አላት።

እትዬ ልትመልስ ቆመች። ቃሉ አልመጣም፤ ፈለገችው፣ ፈለገችው። ጋሼም እንደኔ ሊረዳት አፉን ከፈተ፣ “ጠ…” አለ።

እጁን ያዝኩት። ተወው፣ ትጨርስ፣ አልኩት።